ጋሽ ፏ ያልወለወሉት መስታወት

ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ መድኃኒት ቤት፣ አንደኛው ፎቅ ላብራቶሪ፣ ሁለተኛው የሕፃናት ጥርስ ክሊኒክ፤ ከላይ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ማንም በቅጡ የማያውቀው አንድ ቢሮ አለ። ከታችኛው ደረጃ እስከ ላይኛው ኮሪደር ድረስ ግን ፊት የማያሳይ ንጣፍ አይገኝም። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሰውየው እናታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ከፋይላቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም እንጂ። የነኩት ነገር ሁሉ ፏ ስለሚል ሕንፃው በሙሉ የሚጠራቸው ጋሽ ፏ እያለ ነው።

ማጽዳት ለጋሽ ፏ ሥራ ብቻ ሳይሆን አመልም ነው። ልጅ ሳሉ አንድ አስተማሪ በክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊት አንገትጌያቸውን ገልብጦ ካሳየ በኋላ ወደ ቤት መልሷቸው ነበር። እናታቸው ያን ሰሞን የሰው ልብስ ሲያጥቡ እየዋሉ ለልጃቸው ሸሚዝ ጊዜ አጥተው ነበር። ጋሽ ፏ ይህን የሚያወሩት እየሳቁ ነው። ይሁን እንጂ ስልሳ ዓመት አልፏቸው እንኳ ከቤት ሲወጡ አንገትጌያቸውን ሁለቴ በመስታወት ሳያዩ አይወጡም።

ቤታቸው የባሰ ነው። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም። ባለቤታቸው፣ «እኔን አጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያልከተተኝ ስለከበድኩት ነው» ይላሉ። የሚጎዳው ቀልዱ አይደለም፤ የልጃቸው ነገር ነው። ልጅቱ አግብታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ልጆቹ አያታቸው ቤት ሲመጡ በር ላይ ጫማ ማውለቅ፣ እጅ መታጠብ፣ ላስቲኩ ላይ ጭምት ብሎ መቀመጥ ነው። ትንሿ መስኮቱን በመዳፏ ከነካች፣ እጇን ሳታነሳ አያቷ ጨርቅ ይዘው አጠገቧ ይቆማሉ። እናትየው ይህን አይታ «ሌላ ጊዜ እንመጣለን» ማለት አበዛች። አሁን አሁን በሁለት ወር አንዴ ብቅ ብላ ግማሽ ሰዓት ሳትሞላ ትነሳለች። ጋሽ ፏ ምክንያቱን የመንገዱ ርቀት አድርገውታል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው አንድ ፍቅር አለው፤ እሱም በጥርስ ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ያለው አኳሪየም፣ ባለ ጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ፣ ነው። ያስመጣችው የክሊኒኩ የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተሯ ናት። ግን ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያዋን ዓሣ ከነላስቲኳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በታክሲ ያመጧት ጋሽ ፏ ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዳው የእሳቸው ሆነ። ዓሣዋ ብርቱካናማ ሆና ሁለት ነጭ ቀበቶ የታጠቀች፣ አንድ ክንፏ የተቆረጠ፣ ሌሎቹን አራት ዓሦች እንደ ቤት ሠራተኛ የምታባርር ቁጡ ፍጡር ናት። እሜቴ ይሏታል። የጥርስ ወንበሩን ፈርቶ የሚያለቅስ ልጅ ሲያዩ ጋሽ ፏ ይንበረከኩና፣ «መጀመሪያ እሜቴን ፈልጋት። እሷን ያገኘ ልጅ ጥርሱን አያመውም» ይሉታል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ልጁ ግን ማልቀሱን ትቶ ይፈልጋል።

ችግሩ የመጣው አንድ ሰኞ ነው። ነጩ አሸዋ ላይ ቡናማ ነገር ታየ። ጋሽ ፏ በቱቦ መጠጡት፤ ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ማክሰኞ ድንጋዮቹን በብሩሽ ፈተጉ፤ ረቡዕ ልጋግ የመሰለ ክር፣ ጫፍ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ አንጠልጥሎ፣ ከድንጋዩ ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ጠዋት መብራቱ ሳይበራ ሲያዩት ሙልጭ ብሎ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲበራ ቀስ እያለ ይወጣና ከሰዓት ላይ ገንዳው ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ ይመስላል። የጌጥ ዓሣ ለሚሸጥላቸው ሰው ደወሉለት። «ውሃ ቀይር፣ ምግብ ቀንስ፣ ማጣሪያውን እጠብ» አላቸው። ለጋሽ ፏ ከዚህ የበለጠ የሚጥም ትእዛዝ ከየት ይመጣል? በሳምንት አንዴ ይቀይሩ የነበረውን ውሃ በየሁለት ቀኑ ቀየሩት። ባጸዱ ቁጥር ባሰበት።

ከዚያ ገንዳው ውስጥ የነበሩት ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ተገልብጠው ሞቱ። በሦስተኛው ሳምንት እሜቴ ምግብ እምቢ አለች። ማዕዘኗ ውስጥ ተሸጉጣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስ ጀመር።

ዶክተሯ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ልትሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ጠራቻቸው። ደግ ሰው ናት፤ ቃሉን ለማውጣት ስትቸገር ያስታውቅባት ነበር።

«ጋሽ ፏ፣ ወላጆች እየጠየቁኝ ነው። ‹ክሊኒክ ውስጥ ይሄ ቆሻሻ ምን ይሠራል?› ብላኛለች አንዷ።»

ቆሻሻ! በአርባ ዓመት የሥራ ዘመን ይህን ቃል ከስማቸው አጠገብ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገትጌያቸው ሄደ።

«ስመለስ እንዲህ ከሆነ ይነሳና ቴሌቪዥን እናደርግበታለን» አለች። «ዓሦቹን ሻጩ እወስዳለሁ ብሏል። እሜቴን ግን... አርጅታለች፣ አሁን ደግሞ ታማለች። ጤነኞቹ ጋ አልቀላቅላትም አለ።»

«እና እሷስ?»

ዶክተሯ የሻንጣዋን ዚፕ ሳበች።

ጋሽ ፏ ያን ቀን ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወለወሉት። ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር፤ የጨነቃቸው መጠየቁ ነው። አንደኛ ፎቅ ላብራቶሪ ውስጥ አንዲት ባለሙያ አለች። በማይክሮስኮፑም በጠቡም ትንሹን ነገር ስለምታጎላ አጉሊ ይሏታል። ከእሷ ጋር ከተኮራረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጥፋቱም የማን እንደሆነ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ፏ ላብራቶሪዋን ሲያጸዱ ሃያ አራት ክዳን ያላቸው ትንንሽ ሳህኖች ሻግተው አገኙ። ለሰው ማሳየት የሚያሳፍር ሻጋታ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። አዘኑላት። አንድ ሳይቀር በሳሙና አጥበው፣ በፍል ውሃ አለቅልቀው፣ በነጭ ፎጣ ላይ ደረደሩላት። ሰኞ ስትገባ የስድስት ሳምንት ልፋቷ፣ አንድ በአንድ ያሳደገችው የጀርም ዘር፣ ፏ ብሎ ጠበቃት። ያን ዕለት የጮኸችው ጩኸት መድኃኒት ቤቱ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ክፍሏን ራሷ ትጠርጋለች፤ ጋሽ ፏም በሯ ጋ ሲደርሱ መወልወያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያልፋሉ።

በማግስቱ ያንን በር አንኳኩ። በእጃቸው ቡናማ ልጋግ ያለበት ብልቃጥ ይዘዋል።

«ደሞ ምን ሊያጥቡ መጡ?» አለች አጉሊ ቀና ሳትል።

«እሜቴ ልትሞትብኝ ነው» አሉ ጋሽ ፏ። ሌላ መግቢያ አዘጋጅተው ነበር፤ ጠፋባቸው።

ይህኔ ቀና አለች። ሽማግሌው ዓይናቸው ቀልቷል። ብልቃጡን ተቀበለቻቸው፣ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው።

«እስካሁን ምን አደረጉበት?»

«ምን ያላደረግሁት አለ!»

«ምን እንደሆነ ሳያውቁ?» አለችና ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠቻቸው። «እንግዲህ ቁጭ ይበሉ። ሳይመረመር መድኃኒት የለም። ቀይ ሆኖ እንደ ምንጣፍ ተገፎ ቢነሳ አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ዱቄት ብን ቢል ሌላ ዓይነት ነው። ይሄ ግን ይለጠጣል።»

ብልቃጡን አጥብቃ ናጠችው። ልጋጉ ተበትኖ ውሃው ደፈረሰ። በወረቀት ማጥለያ አሳለፈችና የወረደውን ውሃ መብራት ሥር አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጋሽ ፏ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጣራው ውሃ ውስጥ ቡናማ ክሮች እንደገና ተያይዘው ተሠርተዋል።

«አየሃቸው? ተጠራሩ» አለች። ሳታስበው አንተ እንዳለቻቸው ሁለቱም ልብ አላሉም። አንድ ጠብታ ስስ መስታወት ላይ አድርጋ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች፣ አየች፣ አፏን አሞጠሞጠች፣ ከዚያ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላቸው።

ጋሽ ፏ ይህን ማይክሮስኮፕ ከጠቡ በፊት ከውጭ ለዓመታት ወልውለውታል፤ ወደ ውስጥ አይተው ግን አያውቁም። አሁን አጎንብሰው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሎሚ ፍሬ የመሰሉ ቡናማ ነገሮች፣ በቀጭኑ ጫፋቸው እንጨት ላይ እንደታሰረ ፍየል፣ እዚያው በዚያው ይሽከረከራሉ። መቁጠር ጀመሩና አርባ ላይ ተዉት።

«ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉ የውሃ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው» አለች አጉሊ። «ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው መርዛቸው ነው።»

«ስሙ ራሱ በሽታ ነው።»

አጉሊ ሳቋን ዋጠችና ከገንዳው ውሃ አስቀድታ፣ ደቂቅ ፍጥረት የሚመገባቸውን ንጥረ ነገሮች ለካች። ናይትሬት፣ ባዶ። ፎስፌት፣ ባዶ። ደግማ ለካች፣ ያው።

«ጋሽ ፏ፣ ውሃህ በጣም ንጹሕ ነው።»

«አመሰግናለሁ።»

«ምስጋና አይደለም! በሽታው እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ብዙ ዓይነት ደቂቅ ፍጥረት ይኖራል፤ ከዓሣው ቆሻሻ፣ ከምግቡ ትርፍራፊ እየበላ። አንዱ ሌላውን እንዳይበዛ ይገታዋል። አንተ አጥበህ አጥበህ የሚበሉትን አሳጣሃቸው፤ አለቁ። ይሄኛው ግን ባዶ ቤት ይችላል። ሌላ ነዋሪ ሲያጣ ቤቱን ወረሰው።»

ጋሽ ፏ የሚወለውሉበትን እጃቸውን አዩት። «እና ምን ላድርግ?»

አጉሊ የምርመራ ውጤት መስጫ ወረቀት ስባ ጻፈችላቸው። ውሃ መቀየር፣ የለም። መፈተግ፣ የለም። ምግብ በቀን ሁለቴ፣ ይትረፍ። ሦስት ቀን ፍጹም ጨለማ። ይህኛው ዘር ሲጨልም አሸዋውን ለቆ ስለሚዋኝ፣ ውሃው በቱቦ ሲዞር ጀርም የሚገድለው መብራት ሥር እንዲያልፍ ይደረግ። በመጨረሻም ከዓሣ ሻጩ ያረጀ ገንዳ አንድ ጭልፋ ያልታጠበ አሸዋ።

«ያልታጠበ» አሉ ጋሽ ፏ፣ እንደ መራራ መድኃኒት እየቀመሱት።

«ያልታጠበ» አለች አጉሊ፣ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

ዓሣ ሻጩ ምክሩ ስላልሠራ አፍሮ ኖሮ መብራቱን አዋሳቸው፣ አሸዋውንም ሰጣቸው። ጋሽ ፏ ገንዳውን በካርቶን ሸፈኑና በትልቁ ጻፉበት፦ «ታማሚ ተኝታለች፤ ድምፅ ይቀነስ።» እንግዳ ተቀባይዋ ለሦስት ቀን በሹክሹክታ ስም ስትጠራ ዋለች። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ካርቶኑን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «እሜቴ፣ እኔም ጥርሴን ነው» አላት።

በአራተኛው ቀን ካርቶኑ ሲነሳ ልጋጉ ቀልጦ ነበር። እሜቴም በሕይወት ነበረች። ሁሉም ደስ አለው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን አመሉን በሦስት ቀን አይጥልም። በሳምንቱ ከኋላው መስታወት ላይ ስስ አረንጓዴ ጥላ ወጣ። አጉሊ «ይሄ የምንጠብቀው ነው፤ እንዳትነካው» ብላ ነበር። ጋሽ ፏ አንድ ቀን ቻሉ። ሁለተኛው ቀን ፊታቸውን አዙረው ቻሉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ልጇን ከመስታወቱ ሳብ አድርጋ፣ «ተው፣ ይቆሽሻል እጅህ» ስትል ሰሙ። በማግስቱ ሰው ከመግባቱ በፊት አረንጓዴውን ሙልጭ አድርገው ላጡት፤ የውሃውንም ግማሹን ቀየሩ።

በሦስት ቀን ቡናማው ክር ተመለሰ። እሜቴ በጎኗ ተኛች።

አጉሊ መጣች፣ ለካች፤ ባዶ። «ማን ነካው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጩኸት ጠበቀ። እሷ ግን አልጮኸችም። ሽማግሌው መስታወቱን ይዘው ቆመዋል።

«ቆሻሻ ሳይ እጄ አይታዘዘኝም» አሉ። «ክፋት አይደለም፣ ልጄ። ያኔም፣ ሳህኖችሽን... በእናቴ፣ ክፋት አልነበረም። ደስ ይላታል ብዬ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አላሉም፤ ያሉት «ይቅርታ» ነበር፣ እሱንም ለአለቃዋ። አጉሊ መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገች።

«አውቃለሁ» አለች። «ባልዲህን አምጣ።»

ባልዲውን፣ ብሩሹን፣ የመስታወት ጨርቁን ተቀብላ ላብራቶሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ለኮሪደሩና ለደረጃው የሚሆን መወልወያ ብቻ ተወችላቸው። «ገንዳውን ማጽዳት ሲያምርህ ወደኔ ትመጣለህ። እጅህን አርፈህ በዓይንህ ታያለህ።»

ጋሽ ፏ በየጠዋቱ ሄዱ። አንድ ጠብታ ይዘው ይገባሉ፣ አጎንብሰው ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩን አሮጌ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አርባ አራት። ሠላሳ ስምንት። ከሁለተኛው ጨለማ በኋላ፣ አሥራ ዘጠኝ። በአሥረኛው ቀን ግን ያልቆጠሩት ነገር መጣ። ከመስታወት የተቆረጠ ጀልባ የመሰለ ነገር ቀስ ብሎ አለፈ፤ ከኋላው አንዲት ባለ አንቴና ደቂቅ ፍጥረት ዘላ ወጣች፤ ከዚያ ቀጭን ትል ተሳበ።

«አጉሊ! ኧረ ነይ! ሰው መጥቷል!»

«የምን ሰው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብዙ ናቸው!»

አየች። ትከሻቸውን መታ አደረገቻቸው። «እነዚህን ነበር ስታጥብ የኖርከው» አለች፤ እንደ ወቀሳ ሳይሆን ወሬ እንደማካፈል አድርጋ። ጋሽ ፏ ያን ቀን ደረጃውን ሲወለውሉ ሁለት ጊዜ ቆመው ግድግዳውን ሲያዩ ሰው አይቷቸዋል።

አሥራ ሁለት። ሦስት። ከዚያ አንድ፣ እሱም የማይሽከረከር። በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ እሜቴ ከማዕዘኗ ወጣች። ገንዳውን አንድ ዙር ዞረች፣ ትንሹን ዓሣ ያለ ምንም ጥፋት ጅራቱን ነከሰችው፣ ከዚያ ከጋሽ ፏ ጣት ላይ ምግቧን ነጠቀች። ጋሽ ፏ እጃቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ አለቀሱ፤ አላፈሩም።

ዶክተሯ ስትመለስ ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። አሸዋው ገባ ወጣ ያለ ነው፤ ድንጋዩ ላይ አጭር አረንጓዴ ጸጉር በቅሏል፣ አዲስ ቀንድ አውጣዎች ይግጡታል፤ የኋላው መስታወት ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ለብሷል። ቡናማ ክር ግን የለም። እሜቴ መጥታ ፊት ለፊት አፈጠጠችባት።

«ድናለች!» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ጎንበስ አለች። «ያ የኋላው ግን ትንሽ...»

«ይቅር፣ ዶክተር። እሱ ያስፈልጋቸዋል።»

እንግዳ ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን ጣለች። ዶክተሯም ጋሽ ፏን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና የቴሌቪዥኑን ነገር ዳግመኛ አላነሳችም።

ያን ቀን ቤታቸው ገብተው፣ ላስቲክ የለበሰው ሶፋ ጫፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ቤቱ ያበራል። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። ባለቤታቸው ማዶ ተቀምጠው ለልጅ ልጃቸው ሹራብ ይሠራሉ፤ ልኳን ካዩ ሁለት ወር ስለሆናቸው በግምት ነው። ጋሽ ፏ ተነስተው ስልኩን አነሱ።

«እሑድ ልጆቹን ይዘሽ ነይ» አሉ ልጃቸውን። «ጫማቸውን አያውልቁ።»

ልጅቱ ከወዲያ ማዶ ደነገጠች። «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አሞኝ ነበር። ነይ ብቻ።»

መጡ። ላስቲኩ ተገፎ ስለነበር ትልቁ ልጅ ሶፋው ላይ ሁለቴ ዘለለ። ብስኩት ተፈረከሰ፣ ጭማቂ ተደፋ፤ ጋሽ ፏ ጉልበታቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ልጃቸው ሁለት ሰዓት አለፋት፤ ቦርሳዋን አላነሳችም። ትንሿ ልጅ መንገዱን ለማየት ወደ መስኮቱ ሄዳ ሁለት እጆቿን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ወዲያው አስታወሰች። ዘወር ብላ አያቷን አየችና በፍጥነት፣ ትንፋሿን እፍ እያለች፣ በእጅጌዋ መጥረግ ጀመረች። አራት ዓመቷ ነው። አሻራዋን ማጥፋት የተማረችው ከእሳቸው ነው።

ጋሽ ፏ እንዴት እንደተነሱ አያውቁም። አጠገቧ ተንበርክከው እጇን ያዙት።

«ተይው፣ የኔ እናት። ተይው።»

«ቆሸሸ እኮ፣ አባባ።»

«አልቆሸሸም» አሉ። መዳፏን መልሰው መስታወቱ ላይ አደረጉት። ከዚያ የራሳቸውን ትልቅ መዳፍ አጠገቡ ለጠፉ።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ሲወጡ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ሁለቱን የእጅ አሻራዎች ቁልጭ አድርጋ አሳየቻቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጨርቁ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ምን እንደሚያደርጉ ጠበቁ። ጋሽ ፏ ትንሽ ቆሙና አንገትጌያቸውን በመስታወት ሳያዩ ወጡ።